የ200 ደቂቃ አደራ

ስለ ስፖርት ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ስለ አሸናፊውና ስለ ተሸናፊው ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው የሦስተኛውን ሰው ጉዳይ ነው። ይኸውም በሜዳው ዳር በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን የሚመለከተው ልጅ ነው። ማሊያ ለብሷል፤ የጫማውን ክር አጥብቆ አስሯል፤ ስሙም በተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ሰፍሯል። ነገር ግን አይጫወትም። እንግዲህ የልጆች ቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያሠለጥን ሰው ለዚህ ልጅ ምን ዕዳ አለበት? የዚህች ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩ ጨዋታ ነውና ይህን ያህል ምን ያከራክራል የሚል አይጠፋም። ሆኖም ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ከዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን በሚተርፈን ጊዜ የሠፈር ልጆችን ሰብስበን ስለምናለማምድ፣ ጥያቄው በየቅዳሜው ከፊታችን ይቆማል። «ጋሼ፣ እኔስ መቼ ነው የምገባው?» እያለ ሽቅብ ለሚያየን የ11 ዓመት ልጅ መልስ ለመስጠት ስለ ፍትሕ ጥቂት ማሰብ ግድ ይላል። ይህን ልጅ ዛሬ በምን ዓይነት ሚዛን እንደመዘንነው እርሱም ነገ ሌላውን በዚያው ሚዛን መመዘኑ አይቀርምና።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አንድ የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ የሚፈጁ 4 ክፍለ ጊዜያት አሉት፤ ይኸውም 40 ደቂቃ ነው። ከአንድ ቡድን በአንድ ጊዜ ሜዳ የሚገቡት 5 ተጫዋቾች ናቸው። 40 በ5 ሲባዛ 200 ይሆናል። እንግዲህ አሠልጣኙ ወደ ግጥሚያ ሲሄድ በእጁ 200 የመጫወቻ ደቂቃ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። በዝርዝሩ 12 ልጆች ቢኖሩና እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 16 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይደርሰዋል። አሠልጣኙ ብርቱዎቹን አምስት ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያሰልፍ ደግሞ አምስቱ 40፣ 40 ደቂቃ ሲያገኙ ሰባቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። 200ው ደቂቃ አይጨምርም፤ አይቀንስምም። ለአንዱ የተሰጠው ሁሉ ከሌላው የቀረ ነው።

ስለዚህ አሠልጣኝ ወደደም ጠላም ገንዘብ ያዥ ነው። የያዘው ገንዘብ የልጆች ጊዜ ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ በእጁ ያለው ገንዘብ የራሱ እንዳይደለ፣ ለወደደው የሚሰጠው ከጠላውም የሚነሣው እንዳይደለ ሁላችንም እናውቃለን። የጨዋታ ደቂቃ ግን በደረሰኝ የማይመዘገብ በመሆኑ እንደ አሠልጣኙ የግል ንብረት ሲቆጠር እናያለን። የክርክራችን መነሻ እዚህ ላይ ነው።

ወደ ታሪኩ ብንመለስ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ቅርጫት ኳስ በተፈጠረበት ቀን ዳር የተቀመጠ ተጫዋች አልነበረም። የጨዋታው ፈጣሪ ጄምስ ኔይስሚዝ በካናዳ የተወለደ፣ በ9 ዓመቱ ወላጆቹን በሞት አጥቶ በዘመድ እጅ ያደገ ሰው ነው። በሞንትሪያል የነገረ መለኮት ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በነበረው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ማኅበሩ በአገራችን ወወክማ በሚለው አሕጽሮት የምናውቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ፣ በበረዶው ወራት፣ ከቤት ውጭ መጫወት ስለማይቻል በአዳራሽ ውስጥ የሚሠሩት እንቅስቃሴ ያሰለቻቸውና ያስቸገሩ 18 ተማሪዎች ነበሩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሉተር ጉሊክ ለእነዚህ ተማሪዎች የሚሆን አዲስ ጨዋታ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያወጣ ኔይስሚዝን አዘዘው። እርሱም 13 ደንቦችን ጻፈ፤ ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶችንም በአዳራሹ ሰገነት ዳርና ዳር በምስማር አስመታ። ከዚያም 18ቱን ተማሪዎች 9 በ9 አድርጎ ከፈላቸውና አጫወታቸው። ሁሉም ተጫወቱ። እንደሚነገረው ያ ግጥሚያ ያለቀው 1 ለ0 ነበር።

ቅርጫቱን ከራስ በላይ የሰቀለበት ምክንያትም ለጥያቄያችን ቅርብ ነው። ግቡ መሬት ላይ ቢቆም ጉልበተኛው ኳሱን በኃይል እየወረወረ ያስገባ ነበር። አፉ ወደ ላይ የሆነ ቅርጫት ከፍ ብሎ ሲሰቀል ግን ኳሱ በለዘብታ ተወርውሮ ከላይ መውረድ ስላለበት ጉልበት ብቻውን አይጠቅምም። ኳስ ይዞ መሮጥን የከለከለውም መጎተትና መጣጣል እንዳይመጣ ብሎ ነው። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ከጥንስሱ ብርቱው ደካማውን እንዳይውጠው ታስቦ የተሠራ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ የአንድ ቡድን ተሰላፊ ቁጥር 5 እንዲሆን ተደረገ። ከአምስቱ የተረፈው ሁሉ እንግዲህ ተራ ጠባቂ ሆነ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ካለ ደግሞ ተራ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። አሠልጣኝ ዛሬ የያዘው ሥልጣን በአብዛኛው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ተቃራኒውን አሳብ ከነሙሉ ጉልበቱ ማቅረብ ይገባናል፤ ቀላል አሳብ አይደለምና።

«ደቂቃው ለሚችለው ይሰጥ» የሚሉ ወገኖች ጥንታዊ ጠበቃ አላቸው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ የዋሽንትን ነገር ያነሣል። ብዙ ዋሽንት ነፊዎች ቢኖሩ ምርጡ ዋሽንት ለማን ይገባል? ከትልቅ ዘር ለተወለደው ወይም ለመልከ መልካሙ አይገባም፤ የሚገባው አሳምሮ ለሚነፋው ነው ይላል። ዋሽንት የተሠራው በጥሩ ሁኔታ እንዲነፋ ነውና። ይህ አሳብ ለብዙ ጉዳይ ይሠራል። የቀዶ ሕክምናን ምላጭ ለሐኪሙ እንሰጣለን፤ «ተራው የእኔ ነው» ላለ ሁሉ አንሰጥም። እንግዲያስ ኳሱንስ አሳምሮ ለሚጫወተው ብንሰጥ ምን ነውር አለበት?

እኛም የአርስቶትልን መንገድ ተከትለን እንጠይቅ። ዋሽንቱ ለማን እንደሚገባ ለማወቅ አስቀድሞ ዋሽንቱ ለምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የልጆች ቡድንስ የተቋቋመው ለምንድን ነው? ደመወዝ የሚከፈለው የታላላቆች ክለብ ቢሆን ኖሮ ትኬት ገዝቶ የገባው ተመልካች ጥሩ ጨዋታ ማየት ይገባዋል፤ ተጫዋቹም ይህን አውቆ ፈርሞ የገባ ነው። የ11 ዓመት ልጆች ቡድን ግን የተቋቋመው ልጆቹን ለማሳደግ ነው። ጨዋታው ራሱ ትምህርቱ ነው። አንድ መምህር ጠመኔውን ሒሳቡን አስቀድሞ ለሚያውቀው ተማሪ ብቻ እየሰጠ ሌሎቹን ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ቢያስቀምጣቸው፣ ሰሌዳው በጥሩ ጽሕፈት ይሞላ ይሆናል፤ መምህሩን ግን አስተማረ አንለውም። ስለዚህ በልጆች ቡድን ውስጥ የጨዋታ ደቂቃ በመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ሽልማት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ደግሞ ላልቻለው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ድካም ዋጋ የሚነሣው ነው። «ሌሊት ተነሥቶ የሚለማመደውን ልጅ በወር አንድ ቀን ከሚመጣው ጋር እኩል ማድረግ ግፍ ነው» ይባላል። በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን እንዲህ የሚሉት አሠልጣኞች ሲያሰልፉ ብናይ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ረጅሙን ነው እንጂ ትጉሁን አይደለም። ቁመት የድካም ፍሬ አይደለም። በዚያ ዕድሜ አንዱ ልጅ ቀድሞ ይመዘዛል፤ ሌላው ዘግይቶ ያድጋል። በ12 ዓመቱ ከሁሉ የበለጠው በ17 ዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ቀድሞ ያደገውን ለማሰለፍ ዘግይቶ የሚያድገውን ካባረርነው፣ የምናባርረው ማንን እንደሆነ ገና አናውቅም።

በዚህ ነገር የማይክል ጆርዳን ታሪክ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተዛብቶ ነው የሚነገረው። «ከትምህርት ቤቱ ቡድን ተባረረ» ይባላል። እውነቱ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሰሜን ካሮላይና በዊልሚንግተን ከተማ፣ የ15 ዓመቱ ጆርዳን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ሳይመረጥ ቀረ፤ በቁመት የሚበልጠው የክፍል ጓደኛው ተመረጠ። እርሱ ግን ወደ ታናሾቹ ቡድን ነው የተላከው። በዚያም ዓመቱን ሙሉ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ቁመቱ ጨምሮ የደረሰበትን ዓለም ያውቀዋል። ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚያወጡት ትምህርት «የተናቀ ይበረታል» የሚለውን ነው። እኛ የምናየው ሌላ ነገር ነው። ልጁ በዋናው ቡድን ወንበር ላይ ማሊያ ለብሶ እንዲደርቅ አልተደረገም፤ የሚጫወትበት ቦታ ተሰጠው። በዚያ ዓመት ቁጭ ብሎ ቢውል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ የተጫወተው ግን ምን እንደሆነ ታየ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። «ልጆችም ማሸነፍ ይፈልጋሉ። በየሳምንቱ የሚሸነፍ ቡድን ይፈርሳል፤ ደካማው ልጅም ቢሆን ከተሸናፊ ቡድን ጋር ከመጫወት ከአሸናፊ ቡድን ጋር መቀመጥን ይመርጣል» የሚል ነው። ለማሸነፍ መታገል መልካም ነው። ሳይታገሉ መሸነፍ ተጋጣሚንም መናቅ ነው። ነገር ግን «አሸነፍን» የሚለውን ቃል በጥሞና እንመርምረው። በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «እኛ» ማን ነው?

በአንድ የትምህርት ቤት ግቢ የተደረገ የልጆች ውድድር ስንከታተል ያየነውን እንንገራችሁ። ከቡድኖቹ በአንደኛው ውስጥ አንድም ቀን ልምምድ ያላስቀረ ልጅ ነበር። ኳስ ያቀብላል፤ ውኃ ያመጣል፤ ጓደኞቹ ሲያስቆጥሩ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ ይላል። ውድድሩ እስኪያልቅ አንዲት ደቂቃ አልገባም። ቡድኑ ዋንጫውን ወሰደ። በመጨረሻው ቀን ልጆቹ ማሊያቸውን ሲመልሱ የእርሱ ማሊያ እንደተተኮሰ ነበር፤ ላብ አልነካውም። አንዲት እናት አጠገቡ ቆመው «እንኳን ደስ አለህ የኔ ልጅ፣ አሸነፋችሁ!» ቢሉት፣ አንገቱን ደፍቶ «እነሱ ናቸው ያሸነፉት» አላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ይህ ልጅ ሰዋስው አልተሳሳተም። ቃሉን በትክክል ነው የተጠቀመበት። ማንም ሰው ምንም ባላዋጣበት ነገር «እኛ» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። እንግዲህ የዚያ ቡድን ድል በ5 ልጆች የተገኘ፣ በ12 ልጆች ስም የተመዘገበ ድል ነው። አሠልጣኙ ዋንጫ አገኘ፤ አንድ ልጅ ግን «እኛ» የሚለውን ቃል አጣ። ዋንጫው በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። ያ ልጅ ግን ነገ በሥራ ቦታው፣ በቀበሌው፣ በትዳሩም ውስጥ «እነሱ» እያለ የሚኖር ሰው ቢሆን ማን ይጠየቃል?

ደግሞም ልጅን ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው ሁልጊዜ የችሎታ ማነስ አይደለም። በየሠፈሩ እንደምናውቀው የኳሱ ባለቤት የሆነው ልጅ ቢችልም ባይችልም ተሰላፊ ነው፤ ካልተሰለፈ ኳሱን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳልና። የአሠልጣኙ ታናሽ ወንድምም እንዲሁ አይቀመጥም። በሌላ አገር ደግሞ የባሰ ምክንያት ነበረ። ጆን ማክሌንደን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1933 ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ብቻ በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ እንዳይጫወት ተከለከለ። በዚያን ጊዜ እዚያ ያስተምር የነበረው አረጋዊው ኔይስሚዝ የትምህርት አማካሪው ሆነለትና የጨዋታውን ዕውቀት ከፈጣሪው አፍ ተማረ። ማክሌንደን በኋላ በሰሜን ካሮላይና የጥቁሮች ኮሌጅ አሠልጣኝ ሆነ። ነጭና ጥቁር አብረው መጫወት በተከለከሉበት በዚያ አገር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1944፣ እሑድ ጠዋት፣ የእርሱ ተማሪዎችና የዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነጮች በር ዘግተው በምሥጢር ተጋጠሙ። የማክሌንደን ቡድን 88 ለ44 አሸነፈ። ከዚያም ልጆቹ ነጭና ጥቁር ተደባልቀው ሁለት አዲስ ቡድን ሠሩና እንደገና ተጫወቱ። ማክሌንደን እ.ኤ.አ. በ1957፣ በ1958 እና በ1959 በተከታታይ በትናንሽ ኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር ቡድኑን ለሻምፒዮንነት አበቃ። ያለ በደሉ ዳር እንዲቆም የተደረገ ሰው ነበር።

ይህን ያመጣነው የችሎታን ልዩነት ከዘር መድልዎ ጋር አንድ ለማድረግ አይደለም፤ ሁለቱ በእጅጉ የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ዳር የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ምክንያቱን በግልጥ መናገር እንዳለበት ያስተምረናል። በግልጥ ሊነገር የማይችል ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሚያሳፍር ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተቀያሪ መሆን ሁልጊዜ በደል ነው አንልም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ታላቅ አሠልጣኝ የነበረው ጆን ዉደን በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት 10 ብሔራዊ ሻምፒዮና አግኝቷል። በእርሱ ዘመን ስዌን ኔተር የሚባል ተማሪ ነበረ። የቡድኑ መሐል ተጫዋች እጅግ ዝነኛው ቢል ዋልተን ስለነበር ኔተር በዚያ ዩኒቨርሲቲ አንድም ግጥሚያ ከመጀመሪያው ፊሽካ አልተሰለፈም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1973 በባለሙያ ክለቦች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በገባበት ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ታዲያ ወንበሩ ያልጎዳው ለምንድን ነው? አንደኛ ልጅ አልነበረም፤ ለራሱ የሚወስን ጎልማሳ ነበር። ሁለተኛ ራሱ እንደተረከው በግጥሚያ ብዙ እንደማይሰለፍ፣ ነገር ግን በየቀኑ በልምምድ ከአገሪቱ ምርጥ መሐል ተጫዋች ጋር እንደሚፋለም አስቀድሞ እውነቱ ተነግሮታል። ሦስተኛ በልምምድ ጊዜ እንደ ማንኛውም ተማሪ ተምሯል።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ ሊተኮርበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 መካከል ሁለት ተመራማሪዎች በዉደን የልምምድ ሰዓት ተገኝተው የሚናገረውንና የሚያደርገውን አንድ በአንድ መዘገቡ። ከመዘገቧቸው 2,326 የማስተማር ድርጊቶች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ «እንዲህ አድርግ፤ ኳሱን እንዲህ ያዝ» የሚሉ ቀጥተኛ ትምህርቶች ነበሩ። ምስጋናውም ሆነ ተግሣጹ እያንዳንዳቸው ከመቶ ሰባት እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ ይህ ብዙ ያሸነፈ አሠልጣኝ የልምምዱን ጊዜ የሚያጠፋው በማስተማር ነበር። ለጀማሪ ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን የሚያሳያቸው ካልሲና ጫማ አደራረግን እንደነበርም ይታወቃል፤ የተጨማደደ ካልሲ እግርን ያቆስላልና።

ለደካማው ልጅ ደቂቃ እንስጥ ስንል የምጽዋት ደቂቃ ማለታችን እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ30 ነጥብ እየመሩ ሳለ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ «በል አንተም ግባ» ማለት ልጅን ማክበር አይደለም። ልጅ ቁጥር ያውቃል፤ የተሰጠው ትራፊ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ስለዚህ ነገሩ ገና ባልለየለት ጊዜ መግባት አለበት። ለዚህ ደግሞ መዘጋጀት ያስፈልገዋል። ሁሉን ነገር እንዲችል መጠበቅ አይገባም፤ አንድ ሥራ አጥብቆ ይማር። ለምሳሌ አንድ ተጋጣሚ ሳይለቁ መጠበቅ፣ ኳስ ከደረት ገፍቶ በትክክል ማቀበል፣ ለጓደኛው መንገድ እንዲከፈት ቆሞ ተጋጣሚን መጋረድ ይቻላል። እነዚህን ለመማር ቁመት አያስፈልግም፤ የሚያስተምር ሰው ግን ያስፈልጋል። ደካማውን ልጅ ሜዳ ለማስገባት የሚፈራ አሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ልጁን ይመስለዋል። የሚፈራው ግን ያላስተማረውን ትምህርት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሳባችንን በሦስት ደረጃ እናቀርባለን።

ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ደቂቃው እኩል ይከፈል። ዓለምም ቢሆን ለእነዚህ ልጆች ጨዋታውን ራሱን ለውጦላቸዋል። ለታላላቆች በ3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚሰቀለው ቅርጫት ለልጆች ወደ 2 ሜትር ከ60 ዝቅ ይላል፤ ኳሱም ትንሽ ይሆናል። በብዙ አገሮች የልጆች ውድድር ደንብም በዝርዝሩ ያለ ልጅ ሁሉ እንዲሰለፍ ያስገድዳል። ቅርጫቱን ለልጁ ቁመት ዝቅ ካደረግን የራሳችንንም የዋንጫ ፍላጎት ጥቂት ዝቅ ብናደርግ ምን እንጎዳለን?

ከዚያ ከፍ ላሉት፣ እስከ 16 ዓመት ገደማ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የማይነካ ድርሻ ይኑረው፤ ለምሳሌ በየግጥሚያው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ። 12 ልጆች እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ቢያገኙ 120 ደቂቃ ነው፤ ከ200ው ገና 80 ደቂቃ ይተርፋል። የተረፈው ለሚገባው ይሰጥ፤ መመዘኛው ግን አስቀድሞ ለሁሉ ይነገር። ልምምድ የማያስቀር፣ በሰዓቱ የሚመጣ፣ ጓደኛውን የማይሰድብ ልጅ ይቅደም። አሠልጣኙም አንድ ደብተር ይዞ ማን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ይመዝግብ፤ ልጆቹም ይዩት። ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ያሳያል ብለናልና። እንዲህ ከተደረገ ለትጉሁም ፍትሕ አለ፤ ደካማውም ከነጭራሹ አይረሳም።

ከዚያ በላይ ለሆኑት፣ ለውድድር ብለው ለሚሰለፉ ጎልማሶች፣ ምርጫው በችሎታ ይሁን። ነገር ግን እውነቱ አስቀድሞ ይነገራቸው። «በዚህ ዓመት ብዙ አትሰለፍም፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ይህን ብታሻሽል ግን ይህን ያህል ተስፋ አለህ» ማለት የሚያመው ለአንድ ቀን ነው። ዝም ማለት ግን ወጣቱን ዓመት ሙሉ ያስጠብቀዋል።

በዚህ ሥርዓት የምንሸነፈው ግጥሚያ ይኖራል? አዎን፣ ይኖራል። ይህን ሸሽገን ብንከራከር ክርክራችን ቅንነት ያጣል። ከብርቱው ቡድን ጋር ስንጋጠም በአራት ነጥብ የምንሸነፈው ያ አራት ነጥብ በደካማው ልጅ ሰዓት የገባብን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ብርቱዎቹ ልጆች ይቆጣሉ፤ ወላጆችም ያጉረመርማሉ። አሠልጣኙ ያን ጊዜ ለብርቱዎቹም ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ሽንፈቱ በጓደኛቸው ላይ እንዳይላከክ መከላከልና የጎደለውን በሚቀጥለው ልምምድ ማስተማር ነው። ብርቱ ልጅም ከዚህ የሚያገኘው አለ። ደካማ ጓደኛውን በሜዳ ላይ መሸፈን የተማረ ልጅ ከአንድ ዋንጫ የሚበልጥ ነገር ተምሯል። አባቶቻችን ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላሉ። ቡድንንም ስንወድ ከነተቀያሪው መሆን ይገባዋል።

የኔይስሚዝ ነገር እዚህም ይረዳናል። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ በነበረባቸው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1907፣ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸንፏል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን ታሪክ ውስጥ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት አሠልጣኝ የጨዋታው ፈጣሪ ብቻ ነው። ተማሪው ፎረስት አለን ግን በዚያው ዩኒቨርሲቲ 590 ግጥሚያ አሸንፎ የአሠልጣኞች አባት ተባለ። ሁለቱንም ዓለም ያከብራቸዋል። ከዚህም የምንረዳው የአሠልጣኝ ሥራ በነጥብ ሰሌዳ ብቻ ተለክቶ እንደማያልቅ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ይህ ጉዳይ ኳስ ለሚያጫውቱ ብቻ የቀረበ እንዳይመስላችሁ። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ሁሉ፣ ክፍል የሚመራ ሁሉ፣ ነገም በመሥሪያ ቤት አለቃ የሚሆን ሁሉ ለሌሎች ተራ ይሰጣል። ማን ይናገር፣ ማን ይሞክር፣ ማን ይማር ብሎ የሚወስን ሰው የሌሎችን ደቂቃ በእጁ ይዟል። እንግዲህ በሚመጣው ቅዳሜ ፊሽካ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ልጆች ፊት የምትቆሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ አምስቱን ከመጥራታችሁ በፊት የቀሩትን ሰባቱን በየስማቸው ቁጠሩ። ለእያንዳንዱም «አንተ የምትገባው በዚህ ሰዓት ነው፤ ሥራህም ይህ ነው» ብላችሁ ንገሩት።